ቅናሽ አትጠብቂ

እህቴ፣ «እቁቤ ሲደርሰኝ የሉዊ ቪቶን ቦርሳ ልግዛ ወይስ ቅናሽ ልጠብቅ?» ላልሽው፣ ቅናሹን እርሺው። የፈረንሳዩ የቅንጦት ብራንድ ሉዊ ቪቶን ቅናሽ አያውቅም። የሚሸጠው ውድነቱ ራሱ ነው። ሌላው የቅንጦት ብራንድ፣ የእንግሊዙ በርበሪ (Burberry) እኮ በፈረንጆቹ 2017/18 በጀት ዓመት 28.6 ሚሊዮን ፓውንድ የሚያወጣ ዕቃውን አስወግዷል፤ በርካሽ ከሚሸጥ ይቃጠል ብሎ! ያቆመው ጩኸት ሲበዛበት ነው።

ደግሞ ያ ቡናማው ባለ ፊደል የሉዊ ቪቶን ቦርሳ ገላው ቆዳ እንዳይመስልሽ፤ ፕላስቲክ የተቀባ ሸራ ነው። ቆዳው ማንገቻውና ጠርዙ ላይ ነው።

እኔ የመርካቶውን ኮፒ ይዤ ሰርግ ሄጄ ነበር። የማንገቻው ቅርፊት እየተላጠ ሀበሻ ቀሚሴ ላይ ተራገፈ። ቦርሳውን ያየልኝ የለም፣ ቀሚሴን ግን ሁሉም አየ።

አንቺ ከወደድሽው ግዢው። ለአማቶችሽ ብለሽ ከሆነ ግን፣ ኦሪጅናሉንም ብትይዢ ኮፒ ነው ብለው ነው የሚያሙሽ።