የሼክስፒርን ተውኔት ሐምሌትን ለማጥናት ለተቀመጣችሁ

ልጆቼ፣

የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ሸብቻለሁ። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ግን «አስተማርኩ» ለማለት ያሳፍረኛል። ጥቁር ሰሌዳውን ለሁለት ከፍዬ በግራው የዘይቤውን ስም፣ በቀኙ ትርጓሜውን እጽፍ ነበር፤ ተለዋጭ ዘይቤ፣ ምጸት፣ ንግር፣ መነባንብ። ተማሪዎቼ ይገለብጣሉ፣ ይሸመድዳሉ፣ በፈተና ቀን ያንኑ ይመልሱልኛል። እኔም ሙሉ ነጥብ ሰጥቼ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። ከእነዚያ ልጆች አንዱ እንኳ በሐምሌት መሞት ሲደነግጥ አላየሁም። ጥፋቱ የእኔ ነበር። እናንተም እንደዚያ እያጠናችሁ ከሆነ ደብተራችሁን ለጥቂት ጊዜ ክደኑት።

መጀመሪያ ቴአትር ቤቱን በዓይነ ኅሊናችሁ ሥሩት። ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ከ1558 እስከ 1603 እ.ኤ.አ. በነገሠችባት እንግሊዝ፣ ትልልቆቹ ቴአትር ቤቶች መካከላቸው ጣሪያ አልባ ነበር። የሼክስፒር ጓዶች በ1599 በቴምዝ ወንዝ ደቡብ ዳርቻ ያቆሙት ግሎብ እንዲያውም የተሠራው ከወንዙ ማዶ አፍርሰው ባመጡት በሌላ ቴአትር ቤት እንጨት ነው። አንድ ፔኒ የከፈለ ሰው ከመድረኩ ሥር ቆሞ ያያል፤ ዝናብ ቢመጣ ይበሰብሳል። ትርኢቱ የሚጀምረው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። መብራት የለም፤ የሴቶቹንም ገጸ ባሕርያት የሚጫወቱት ወንዶች ልጆች ናቸው። እንግዲህ ሌሊቱም፣ ብርዱም፣ የጁልየት ውበትም ከቃል መውጣት ነበረባቸው። ዛሬ «የሥነ ጽሑፍ ስልት» እያልን የምንዘረዝራቸው ነገሮች ያኔ የመድረኩ መብራትና መጋረጃ ነበሩ።

የሐምሌትን የመጀመሪያ ትዕይንት እዩ። አንድ ዘበኛ ሊተካ ይመጣና «ማን ነህ?» ብሎ ይጠይቃል። ረጋ ብላችሁ አስቡት። ዘብ የቆመ ሰው መጪውን «ቁም! ማን ነህ?» ይላል እንጂ መጪው የቆመውን እንዴት ይጠይቃል? ተረኛውም ወዲያው «የለም፣ አንተ መልስልኝ፤ ቁምና ማንነትህን ግለጽ» ይለዋል። ቀጥሎ ሰዓቱ እኩለ ሌሊት መሆኑን እንሰማለን፤ ተረኛው «ብርዱ መራራ ነው፣ ልቤም ታምሟል» ብሎ ይሄዳል። በጥቂት ስንኞች ፀሐይ ላይ የቆመው ሕዝብ ጨለማ ውስጥ ገባ። የሟቹ ንጉሥ መንፈስ ገና አልታየም፣ መገደሉም ገና አልተነገረም፤ ነገር ግን ማን ማንን መጠየቅ እንዳለበት የተምታታበት አገር ውስጥ እንደገባን ጆሯችን አውቋል። ንግር ማለት ይህ ነው። እኔ ግን ለዓመታት «ወደፊት የሚሆነውን አስቀድሞ መጠቆም» ብዬ አስጽፌ አልፌዋለሁ!

ተማሪዎች ሁልጊዜ የሚያነሡት ጥያቄ አለ፦ «ቤት የማይመታ ግጥም እንዴት ግጥም ይባላል?» የእኛ ጆሮ ቤት ሲመታ ለምዷል፤ በየወል ቤት 6 ቀለም ብለን አርፈን ሌላ 6 እንጨምራለን። የዘመኑ ሌላ ጸሐፌ ተውኔት ክሪስቶፈር ማርሎውና ሼክስፒር የተጠቀሙበት ስንኝ ግን 10 ቀለም አለው፤ አንዱ ቀለም ቀለል ብሎ አንዱ በርትቶ እየተነገረ እንደ እርምጃ ይሄዳል፣ ብዙውን ጊዜም ቤት አይመታም። በጣታችሁ ቁጠሩ፦ ቱ-ቢ-ኦር-ኖት-ቱ-ቢ-ዛት-ኢዝ-ዘ-ክዌስ-ችን። 11 ሆነ አይደል? ስለ መኖርና አለመኖር የሚጠይቀው ስንኝ ከመስፈሪያው በአንድ ቀለም ይተርፋል። ጥያቄው ሞልቶ ፈሰሰ ብዬ ነው የማነበው፤ ሌላ መምህር ሌላ ሊላችሁ ይችላል።

ማርሎውን ካነሣሁ አይቀር፣ ነፍሱን ለዲያብሎስ የሸጠውን የዶክተር ፋውስተስን የመጨረሻ ሰዓት ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ከእኩለ ሌሊት አንድ ሰዓት ሲቀረው ደወል ይመታል፤ ሰውዬው ብቻውን መነባነብ ይጀምራል። ሁለተኛው ግማሽ ሰዓት ከመጀመሪያው ባነሱ ስንኞች ያልቃል፤ ጊዜው በጆሯችሁ ይሮጣል። በመካከሉ «የሌሊት ፈረሶች ሆይ፣ ቀስ በሉ» የሚል የላቲን ስንኝ ያሰማል። ስንኙ የሮማዊው ባለቅኔ የኦቪድ ነው፤ እዚያ ከወዳጁ እቅፍ መለየት የማይፈልግ አፍቃሪ ነው የሚናገረው። ፋውስተስ በፍቅር ቃል ሲኦልን ያዘገያል። ምጸት የሚለውን ቃል ከዚህ በኋላ ማብራራት አያሻኝም። ማርሎው ራሱ በ1593 በ29 ዓመቱ በጩቤ ተገደለ።

የሼክስፒር ማክቤዝ በትክክል ከተነጋገርን የኤልሳቤጥ ዘመን አይደለም፤ የተጻፈው ከእርሷ በኋላ በነገሠው በጄምስ ጊዜ ነው። ቢሆንም አንዷን ቦታ ልጠቁማችሁ፦ ንጉሡ በከዳው ሹም አዝኖ የሰውን ልብ ከፊቱ ማንበብ አይቻልም ብሎ ሳይጨርስ፣ ኋላ የሚገድለው ማክቤዝ ይገባል። ንጉሡም «ወንድሜ ሆይ» ብሎ ያመሰግነዋል።

በአንድ ነገር ከሌሎች አገር ተማሪዎች ትቀድማላችሁ፤ ሰምና ወርቅ ታውቃላችሁ። በሮሜዎና ጁልየት ውስጥ ቀልደኛው መርኩሽዮ በሰይፍ ተወግቶ እየሞተ «ነገ ብትፈልጉኝ ግሬቭ ሰው ሆኜ ታገኙኛላችሁ» ይላል። ግሬቭ ኅብረ ቃል ነው፦ ሰሙ ቁም ነገረኛ፣ ወርቁ መቃብር። ከበደ ሚካኤል ይህንን ተውኔት፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ደግሞ ኦቴሎን፣ ሐምሌትንና ማክቤዝን ወደ አማርኛ መልሰውልናል። ትርጉሞቹን ከእንግሊዝኛው ጎን አስቀምጣችሁ ብታነቡ ከእኔ ሰሌዳ የበለጠ ትማራላችሁ።

ይህችን የመርኩሽዮን ቃል በየዓመቱ ለክፍሌ ሰጥቼ ተርጕሙ እላለሁ። «ዝምተኛ ሰው» ያሉኝ ብዙ ናቸው፤ ጥሩ ነው፣ ግን አፈሩ አይሸትም። ጡረታ ልወጣ በተቃረብኩበት ዓመት ከኋላ ወንበር የማትናገር አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ነገ ብትፈልጉኝ ከባድ ሰው ሆኜ ታገኙኛላችሁ» አለች። ክፍሉ ሳቀ፤ እርሷ ግን አልሳቀችም። «ሬሳ ይከብዳል፣ መምህር» አለችኝ። ሸክሙ መጥቷል፤ መቃብሩ አሁንም የለም ብዬ ተከራከርኳት። «ቃሬዛ የተሸከሙት ወዴት የሚሄዱ ይመስልዎታል?» አለችና ተቀመጠች።