ሪከርደር ከመግዛትሽ በፊት ካሜራሽን ቲቪ ላይ ሰኪው

እህቴ፣ ካምኮርደርሽ ኤቪሲኤችዲ በሚባለው የቪዲዮ ፎርማት እንደሚቀዳ፣ ሐይቅ ዳር የቀረጽሽው ሰርግ ኤዲት ላይ እንደሚበላሽብሽ ነግረሽናል። «ውጫዊ ሪከርደር (ካሜራው ላይ ተሰክቶ ምስሉን ለብቻው የሚቀዳ መሣሪያ) ብገዛ ይሻሻላል ወይ?» ነው ጥያቄሽ። እኔም እዚሁ ሀዋሳ ሰርግና ፕሮግራም ስለምቀርጽ የማውቀውን ልንገርሽ። ይሻሻላል፤ ግን ሁሉም ነገር አይደለም።

ኤቪሲኤችዲ ምስሉን በጣም ጨምቆ ነው የሚያስቀምጠው። ጣሪያው በሰከንድ 24 ሜጋቢት ነው፤ በ50ፒ፣ ማለትም በሰከንድ 50 ሙሉ ፍሬም፣ ከቀረጽሽ 28። ሙሽሮቹ ቆመው ፎቶ ሲነሱ ይበቃል። ከኋላቸው ውሃው መንቀሳቀስ ሲጀምር ነው ጉዱ የሚፈላው። አሞራ ገደል የቀረጽሽውን እስቲ አጉልተሽ እዪው። ሞገዱ ትንንሽ አራት ማዕዘን ይሆናል፣ የዛፉ ቅጠል እርስ በርሱ ይጨማለቃል። ፍቼ ጨምበላላ ላይ ጉዱማሌን የሞላው ሕዝብ ሲጨፍርም ያው ነው። ሁሉም ነገር በአንዴ ሲንቀሳቀስ 24 ሜጋቢት አይበቃውም።

ሪከርደር የሚያድንሽ እዚህ ላይ ነው። እየቀረጽሽ ሳለ በኤችዲኤምአይ የሚወጣው ምስል ገና ያልተጨመቀ ነው። እንደ አቶሞስ ኒንጃ ወይም ብላክማጂክ ቪዲዮ አሲስት ያሉት ተቀብለው ፕሮሬስ በሚባል፣ ምስሉን ብዙ በማይጨምቅ ፎርማት ይቀዱታል። ፕሮሬስ 422 በ1080፣ በ25 ፍሬም፣ በሰከንድ 122 ሜጋቢት ገደማ ነው። ልዩነቱን ውሃው ላይ ወዲያው ታዪዋለሽ። ካርድ ላይ የተቀዳን ፋይል መልሰሽ አጫውተሽ ብትቀጂው ግን ምንም አታተርፊም፤ የተበላሸው አንዴ ተበላሽቷል።

ማታ አዳራሽ ውስጥ የሚታየው ነጠብጣብ ሌላ ጉዳይ ነው። እሱ የሚመጣው ከሴንሰሩና ከብርሃን እጥረት ነው። ችግርሽ እሱ ከሆነ ገንዘብሽን መብራት ላይ አውዪው። ደግሞ «10 ቢት ይቀዳል» ቢሉሽ አትጓጊ፤ ቢቱ ሲበዛ የቀለም ደረጃው ይበዛል ማለት ነው፣ ግን ካሜራሽ 8 ቢት ካወጣ ሪከርደሩ አዲስ ቀለም አይፈጥርም።

ከመግዛትሽ በፊት በነጻ የምትሞክሪው ነገር አለ። ካሜራውን በኤችዲኤምአይ ቲቪ ላይ ሰኪና ለመቅረጽ አዘጋጂው። የባትሪ ምልክትና ሰዓት ቆጣሪው ቲቪው ላይ ይታያል? ሜኑ ውስጥ ገብተሽ አጥፊው። የማይጠፋ ከሆነ ሪከርደሩን እርሺው፤ ጽሑፉ ከነምስሉ ይቀዳብሻል። ከዚያ ካሜራውን ሳትነኪ ትንሽ ቆዪ። አንዳንዱ ካሜራ ካልቀዳ ራሱን ያጠፋል፣ ያንንም ከሜኑ ማስቆም አለብሽ። መሃል ቃል ኪዳን ላይ ቢጠፋ ማን ይመልስልሻል?

ስቶሬጁን አስቢበት፤ አንድ ሰዓት ወደ 55 ጊጋባይት ይበላል። ለሪከርደሩም የራሱ ትርፍ ባትሪ ያዢ። ከሁሉም በላይ ግን ኬብሉን። የሚኒ ኤችዲኤምአይ ሶኬት በጣም ስስ ነው፣ ሰው አልፎ ቢነካው ይላቀቃል። ኬብሉን ትንሽ ላላ አድርገሽ ካሜራው እጀታ ላይ እሰሪው። ካሜራሽ ከፈቀደልሽ ደግሞ ካርዱም ላይ ጎን ለጎን ቅጂ። ሰርግ አይደገምም።

የካሜራሽን ሞዴል ጻፊልኝ፣ ሜኑው ውስጥ የቱ ጋር እንዳለ አብረን እንፈልገዋለን።