አምፖሉ በርቷል፣ ቧንቧው ደርቋል፦ ከግጭት በኋላ ስለ ሰፈር አገልግሎት ጥያቄና መልስ

ሰፈር ከግጭት ሲወጣ ውሃው፣ መብራቱ፣ ጤና ጣቢያውና ቀበሌው እንዴት ወደ ሥራ እንደሚመለሱ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከጎንደር ሰፈሮች፣ ከማራኪም፣ ከአዘዞም፣ ከአራዳም፣ ከፒያሳም ጥያቄው ጎርፏል። ዕድሜዬን የጨረስኩት በከተማ አገልግሎት ሥራ ነው፤ የማውቀውን እመልሳለሁ። ጥፋቱ የማን ነው ያላችሁኝ ግን እለፉኝ። እሱን የሚመልስ ሰው አይጠፋም።

ጥያቄ፣ ከማራኪ፦ ጋሼ፣ መብራት ከመጣ ሰንብቷል። ቧንቧው ግን ጠብ አይልም። ምን እያደረጉ ነው?

መልስ፦ የጎንደር ውሃ በራሱ ተንደርድሮ ቤታችን አይገባም። ከተማው ዳገት ነው። አንገረብ ግድብ ላይ የተጠራቀመው ውሃ ወደ ላይ ማጠራቀሚያዎች የሚወጣው በፓምፕ ነው። የጉድጓዶቹም እንደዚያው። ስለዚህ ውሃችን የመብራት ጥገኛ ነው። «መብራትማ አለ» ትሉኛላችሁ። አለ፤ ግን የቤት አምፖል በአንድ ፌዝ፣ ማለትም በአንድ የኃይል መስመር፣ ይበራል። ትልቅ ፓምፕ ሦስት ፌዝ ይፈልጋል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ፣ ወይም ኃይሉ ከወረደ፣ ሞተሩ ይቃጠላል። ያን ጊዜ የሳምንቱ ነገር የወራት ይሆናል። ኦፕሬተሩ «ኃይሉ እስኪረጋ አላስነሳም» ቢል አትቆጡት። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው።

ፓምፑ ከተነሳ በኋላ ደግሞ ማጠራቀሚያው ይሞላል። ባዶ የከረመ መስመር ውሃ ሲገባበት የተሰበረው ሁሉ ያኔ ይታያል። መንገድ ላይ ይፈነዳል፣ ቫልቭ ይዘጋል፣ ይጠገናል፣ እንደገና ይከፈታል። ዝቅ ያለው ሰፈር ቀድሞ ያገኛል፤ ዳገት ላይ ያለው መጨረሻ ነው። ይሄ የውሃ ጠባይ እንጂ አድልዎ አይደለም። አድልዎ ካለ ቫልቭ የሚከፍተው ሰው ጋ ነው። መድኃኒቱ የፈረቃ ሰሌዳ በግልጽ እንዲለጠፍ መጠየቅ ነው።

ደግሞ አንርሳ፤ ከግጭቱ በፊትም ውሃ በፈረቃ ነበር። አንገረብን ደለል በልቶታል፣ ከተማው ሰፍቷል፣ የመገጭ ግድብ ግንባታ ደግሞ ለዓመታት ተጓትቷል። «ወደ ነበረበት ይመለስ» ስንል፣ የነበረውም ሙሉ አልነበረም።

ጥያቄ፣ ከአዘዞ፦ የመጣው ውሃ ሻይ ይመስላል። ለልጆቼ ልስጥ?

መልስ፦ አይስጡ እህቴ። ቧንቧ ባዶ ሲሆን በየስንጥቁ ከውጭ ያለውን ይስባል። ከጎኑ የፍሳሽ ቦይ ካለ እሱንም ይስባል። የመጀመሪያውን ውሃ ጥርት እስኪል ድረስ ለወለልና ለሽንት ቤት ያውሉት። ከጠራም በኋላ ገና ነው፤ ጥርት ያለ ውሃም ያሳምማል።

ማፍላት ይሻላል። «ፈላ» ብለው ወዲያው አያውርዱት። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ ነው። ከ2,000 ሜትር በላይ የሚመከረው እየተንተከተከ 3 ደቂቃ እንዲቆይ ነው። ከሰልም ጋዝም ከሌለ ውሃ አጋር ይጠቀሙ፤ መጠኑ ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል። እሱም ከጠፋ ሽታ ያልተጨመረበት፣ 5 በመቶ የሚል በረኪና በአንድ ሊትር 2 ጠብታ። ለ20 ሊትር ጀሪካን 40 ጠብታ መሆኑ ነው። 30 ደቂቃ ይጠብቁ። የደፈረሰውን አስቀድመው በንጹሕ ነጠላ ያጥልሉት፤ ክሎሪን ጭቃ ውስጥ አቅሙ ያልቃል። ቦቴ የሚያመጣውንም እንዲሁ ያድርጉ። ቦቴው ከየት እንደቀዳ አይጠይቁ ያለዎት የለም፤ ይጠይቁ።

ጥያቄ፣ ከአራዳ፦ ብሩ በእርስዎ እጅ ቢሆን መጀመሪያ ምን ይሠራሉ?

መልስ፦ ደሞዝ እከፍላለሁ።

ሰው ይሄን ሲሰማ ፊቱ ይጠቁራል። ጣሪያ ቢቀየር፣ ቀለም ቢቀባ፣ ሪባን ቢቆረጥ ደስ ይለዋል። ግን አስቡት። ጤና ጣቢያው ታድሶ አዋላጇ ባሕር ዳር ዘመድ ጋ ከተጠጋች ምን አተረፍን? የውሃ መስመሩ ሠራተኛስ? የትኛው ቫልቭ በየትኛው ድንጋይ ሥር እንደተቀበረ የሚያውቀው እሱ ነው። ካርታው ጭንቅላቱ ውስጥ ነው። እሱ ደሞዝ አጥቶ ጉልበቱን ሌላ ቦታ ከሸጠ፣ ሌላ መሐንዲስ ቢመጣ አስፋልት ሲቆፍር ይከርማል።

የፋሲል መዋኛን ተመልከቱ። በየዓመቱ ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ ውሃ ይገባለታል። ቀኑ ይታወቃል፣ ሥራው የማን እንደሆነ ይታወቃል፣ ስለዚህ ይሞላል። የሰፈር ቦኖም ስሙ የሚታወቅ፣ ደሞዙ የማይቋረጥ ባለቤት ይፈልጋል።

ስለዚህ የእኔ ቅደም ተከተል ይሄ ነው። ውዝፍ ደሞዝና የሠራተኛ ማመላለሻ ይቀድማል። ከዚያ መብራት ለሆስፒታልና ለውሃ ፓምፕ፣ ለሌላው ቀጥሎ። ከዚያ ውሃ። ጤና፣ ቆሻሻና ትምህርት እኩል ይሄዳሉ። ሕንፃ መጨረሻ ነው። ትምህርት በዳስም ይሰጣል፤ ያለ መምህር ግን በምንም አይሰጥም።

ጥያቄ፣ ሰፈሬ ይቅር ካሉ፦ ወንድሜ የመስመር ሠራተኛ ነው። ጥገና ሲወጣ አንዱ ወገን የሌላው ሰላይ ነህ ይለዋል። ምን ትመክሩታላችሁ?

መልስ፦ ከጥያቄዎቹ ሁሉ የከበደኝ ይሄ ነው። በሕግ በኩል ነገሩ ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው የጄኔቫ ስምምነቶች ሁለተኛ ተጨማሪ ፕሮቶኮል የተጻፈው በአንድ አገር ውስጥ ለሚደረግ ጦርነት ነው። ኢትዮጵያም ተቀብላዋለች። አንቀጽ 14 ሲቪሎችን ለማስራብ ብሎ ለሕይወታቸው የግድ የሆኑ ነገሮችን ማጥቃትና ማውደም ይከለክላል፤ የመጠጥ ውሃ ተቋማትን በስም ይጠራል። የጤና ባለሙያና አምቡላንስም በዚያው ፕሮቶኮል ጥበቃ አላቸው። ግን ኬላ ላይ የቆመ ልጅ አንቀጽ 14ን አላነበበም።

ስለዚህ ወንድምህ እንዲህ ያድርግ። የሥራ ልብስ ለብሶ፣ ፎቶ ያለበት መታወቂያ ይዞ፣ ከባልደረባው ጋር በቀን ይውጣ። የት እንደሚሄድ መሥሪያ ቤቱ አስቀድሞ ያሳውቅ። ሰፈሩ ሽማግሌ ካለው ሽማግሌው ይወቅ፤ በእኛ አገር ሽማግሌ የማያሳልፈው መንገድ ጥቂት ነው። ስልኩን ኬላ አካባቢ አያውጣ። ጥገናውን ለማስረጃ ፎቶ ካነሳ ምሰሶውን ብቻ ያንሳ። የታጠቀ ሰው የሚሳፈርበት መኪና ውስጥ ባይገባ ይመረጣል፤ ከሩቅ ለሚያይ ልዩነቱ አይታይም። ከሁሉ በላይ ወሬ አያመላልስ። እዚያ ማን አለ፣ ስንት ናቸው ለሚለው ለማንም መልስ የለውም። «ሽቦ ነው ያየሁት» ይበል። አለቃው ደግሞ አልሄድም ካለ አያስገድደው። ለትራንስፎርመር መለዋወጫ ይገኝለታል።

ጥያቄ፣ ከጠዳ፦ ልጄ የ6 ሳምንቱን ክትባት ወስዳለች። የ10ኛውና የ14ኛው ሳምንት አመለጣት። ከመጀመሪያው ትጀምር?

መልስ፦ አትጀምርም። ካቆመችበት ትቀጥላለች። ካርዱ ቢጠፋም ይሂዱ፤ የወሰደችውን ያስታውሱ። የኩፍኝ ክትባት በ9ኛውና በ15ኛው ወር ነው፤ በተለይ እሱ እንዳያልፋት። ተፈናቃይ በተጨናነቀበት ቦታ ኩፍኝ ቶሎ ይዛመታል። ጤና ጣቢያው ሲከፈት አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁ፦ ማቀዝቀዣው ሲሠራ ነበር? አብዛኛው ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ መቆየት አለበት። ነርሷ አትቀየምም፤ ደስ ይላታል እንጂ።

ጥያቄ፣ ከአራዳ፦ እናቴ ኢንሱሊን ትወጋለች። ፍሪጁ ያለ መብራት ቁም ሳጥን ሆኗል።

መልስ፦ የተከፈተ ብልቃጥ ከ30 ዲግሪ በታች ከሆነ ብዙውን ጊዜ ለ4 ሳምንት ያህል ይቆያል። የጎንደር ብርድ እዚህ ላይ ውለታ ይውላል፤ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ነው መጠንቀቅ። ትልቅ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ትንሽ ማሰሮ አስቀምጥ፣ መካከሉን እርጥብ አሸዋ ሙላ፣ በእርጥብ ጨርቅ ክደነው፣ ጥላ ሥር አኑረው። ብልቃጡ ውሃ እንዳይነካው በላስቲክ ጠቅልለው። በረዶ ላይ አታስቀምጥ፤ አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ይጣላል።

ጥያቄ፣ ከማራኪ፦ ባጃጅ በማታ አይንቀሳቀስም። ባለቤቴ ወሯ ገብቷል።

መልስ፦ ምጥ አትጠብቁ። እናቶች ማቆያ ያለው ጤና ጣቢያ ካለ ቀደም ብላ ትግባ። ከሌለም ጤና ጣቢያ አጠገብ ያለ ዘመድ ቤት ትደር። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ ኔትወርክ ካለ።

ጥያቄ፣ ከአዘዞ፦ የቀበሌው መዝገብ ጠፍቷል። መታወቂያ፣ የልደት ካርድ፣ የቤት ካርታ… ሰው መሆናችንን በምን እናስረዳ?

መልስ፦ መዝገብ አንድ ቦታ ብቻ አይኖርም። የትምህርት ቤት ሮስተር አለ። የክርስትና ካርድ ቤተ ክርስቲያን አለ። የጤና መድን ደብተር አለ። የመብራት ቆጣሪ ውል፣ የባንክ ደብተር፣ የግብር ደረሰኝ አለ። የእድር መዝገብማ ወርቅ ነው፤ ማን የት ቤት፣ ስንት ቤተሰብ፣ ማን ሞተ፣ ሁሉ እዚያ አለ። ለፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ የተመዘገበ ደግሞ ማንነቱ ከቀበሌው ካዝና ውጭ ተቀምጧል። እነዚህን ሰብስቡና በእድር ዳኛና በጎረቤት ምስክር አስደግፋችሁ አቅርቡ።

በግጭቱ ጊዜ የተወለደና የሞተም ይመዝገብ። ሕጉ ልደት በ90 ቀን፣ ሞት በ30 ቀን ይላል። ጊዜው አልፎብኛል ብላችሁ አትቅሩ፤ የዘገየ ምዝገባም አለ። በተለይ ሞትን። ባሏ የሞተባት ሴት ያለዚያ ወረቀት ጡረታም፣ ባንክም፣ ውርስም ፊቷን ያዞሩባታል። የቤት ካርታ የጠፋባችሁ ግን ቶሎ በጽሑፍ አመልክቱ። የጠፋ መዝገብ አጠገብ ሁልጊዜ ብልጥ ሰው አይጠፋም።

ጥያቄ፣ ከፒያሳ፦ ትምህርት ቤታችን ተፈናቃዮች አሉበት። ይውጡልን?

መልስ፦ ወዴት? መጀመሪያ መጠለያ ይገኝላቸው። እስከዚያው በፈረቃ አስተምሩ፣ ከፊሉን ክፍል ልቀቁላቸው፣ ሽንት ቤት ጨምሩ። ልጆቻቸውንም እዚያው መዝግቡ። ከክፍል እጥረት በላይ ጠብ የሚያመጣው ሽንት ቤት ነው።

ጥያቄ፣ ከቅዳሜ ገበያ፦ ቆሻሻው ተራራ ሆኗል። ወጣቶች ተሰብስበን ልናቃጥለው ነው።

መልስ፦ እባካችሁ! ተኩስ የነበረበት ሰፈር ቆሻሻ ውስጥ ምን እንዳለ አይታወቅም። ያልፈነዳ ነገር እሳት ሲነካው ይፈነዳል። ከብረት የተሠራ እንግዳ ዕቃ ካያችሁ አትንኩ፣ አታንቀሳቅሱ፤ ዙሪያውን ከልሉና ለፖሊስ ንገሩ። ልጆች ቁራሌው እንዲገዛቸው ብረት ሲለቅሙ ታያላችሁ፤ እዚያ ላይ ጨክኑ። የጽዳት ማኅበራቱን አስጠሩ፣ እናንተ አካፋ ይዛችሁ እርዷቸው። ከጤና ጣቢያና ከገበያ ጀምሩ፣ ከዚያ ቦዮቹን ክፈቱ። ክረምት ሲገባ ዳገት ላይ የተዘጋ ቦይ ቤት ይወስዳል።

ጥያቄ፣ ከፒያሳ፦ የፋሲል ግንብ ይታደሳል፣ የኮሪደር መንገድ ይሠራል፣ እኛ ጀሪካን ተሸክመናል። ይሄ ፍትሕ ነው?

መልስ፦ ንዴቱ ይገባኛል። ግን ግንቡ ለጎንደር እንጀራም ነው፤ ቱሪስት ሲቀር ስንት አስጎብኚ፣ ስንት ሆቴል ሥራ እንደፈታ እናውቃለን። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። መንገድ ሲቆፈር ያረጀው ቧንቧ አብሮ ካልተቀየረ ያ ነው ወንጀሉ። አስፋልቱ ደርቆ ሳያበቃ ቧንቧ ፈንድቶ እንደገና ይቆፈራል። ሰፈራችሁ ቁፋሮ ሲጀመር «የውሃ መስመሩ አብሮ ይቀየራል ወይ?» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።

ጥያቄ፣ ከማራኪ፦ ውሃ ሳይኖር ቆጣሪው ሲዞር አየሁ። ሂሳብም መጣ። አበድኩ?

መልስ፦ አላበድክም። ውሃ ወደ ባዶ መስመር ሲመለስ አየሩን ከፊቱ እየገፋ ይመጣል። ያ አየር በቆጣሪው ሲያልፍ ያዞረዋል፣ ውሃም ከሚያዞረው በላይ ሊያፈጥነው ይችላል። ውሃ እንደጠፋ የቆጣሪውን ቁጥር ቀኑ እንዲታይ አድርገህ ፎቶ አንሳ። ቧንቧህንም ዝጋ፤ ክፍት ትተህ ከሄድክ አየሩ ሁሉ በአንተ ቆጣሪ ይወጣል። ውሃው ሲመለስ ቀስ ብለህ ክፈት፣ ሲረጋ ሌላ ፎቶ አንሳ። ሁለቱን ይዘህ ቢሮ ስትሄድ ጩኸት አያስፈልግህም። የሰፈርህ ሰዎችም ፎቶ ካላቸው አብራችሁ ሂዱ፤ የአንድ ሰው ቅሬታ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል፣ የ20 ቤት ቅሬታ ግን ጠረጴዛ ላይ ይውላል።