በፋብሪካና በወንዝ መካከል ለምትቆሙ ወጣቶች

ይህን የምጽፈው በኬሚስትሪ፣ በኬሚካል ኢንጂነሪንግ ወይም በአካባቢ ሳይንስ ተመርቃችሁ ደብረ ብርሃንና ዙሪያዋ ሥራ ለጀመራችሁ ልጆች ነው። አንዳንዶቻችሁ ፋብሪካ ገብታችኋል። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት። ትናንት በአንድ ዶርም ያደራችሁ ጓደኛሞች ዛሬ አንዱ መርማሪ፣ ሌላው ተመርማሪ ሆናችኋል። እኔ በሁለቱም ወገን ሠርቻለሁ። መጀመሪያ በፋብሪካ ላብራቶሪ፣ በኋላም በተቆጣጣሪነት። ስለዚህ የምላችሁ ለሁለታችሁም ነው።

ድሮ በከተማችን ፋብሪካ ከተባለ ሰው ቶሎ የሚያስበው ብርድ ልብሱን ነበር። አሁን ቢራው አለ፣ ቆዳው አለ፣ በ2011 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። ሥራ መጥቷል፤ ስንት ቤት ቆሞበታል። ወንዛችን ግን ያው በሬሳ ነው። በሬሳ ወደ ጀማ ይወርዳል፣ ጀማ ወደ ዓባይ። ከከተማው በታች ያለው ገበሬ ከብቱን የሚያጠጣው፣ ጎመኑንና ድንቹን የሚያለማው በዚሁ ውሃ ነው። ወተቱም ጎመኑም ዞሮ የሚመጣው እኛው ገበያ ላይ ነው።

ክረምት ላይ ጎርፉ ሁሉን ጠራርጎ ይወስዳል፤ ሰውም ይረሳል። ከጥር በኋላ ግን ወንዙ ይቀጥናል። ያው የፍሳሽ መጠን በጥቂት ውሃ ላይ ይወርዳል። ስለዚህ "ነሐሴ ላይ ለክተን ችግር የለም" የሚል ሪፖርት ካያችሁ ዝም ብላችሁ አትፈርሙ። የበጋው የት አለ በሉ።

ሕጉን ራሳችሁ አንብቡት። ሰው በነገራችሁ ብቻ አትሂዱ። አዋጅ ቁጥር 300/1995 ለተቆጣጣሪው ትልቅ ሥልጣን ሰጥቶታል። ያለ ቅድሚያ ማስታወቂያና ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ፋብሪካ ገብቶ ናሙና መውሰድ ይችላል። ብዙ ሰው የሚያውቀው ይህን ነው። ያው አዋጅ ግን ብክለትን ለመቆጣጠር ከውጭ የሚገባ አዲስ መሣሪያ፣ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣኑ ካረጋገጠው፣ ከጉምሩክ ቀረጥ ነጻ እንዲሆን ይፈቅዳል። ደንብ ቁጥር 159/2001 ደግሞ ፋብሪካው ራሱን እየተከታተለ መዝገብ እንዲይዝ ያዛል። ነባር ፋብሪካዎች ራሳቸውን እንዲያስተካክሉም 5 ዓመት ሰጥቷቸው ነበር። ሕጉ ሲጻፍ ቅጣቱም እገዛውም አብረው ታስበዋል። ሥራ ላይ ስንውል ግን አንዱን ይዘን ሌላውን እንጥላለን። ይህ ሁሌም ያሳዝነኛል።

አንድ ፋብሪካ ትዝ ይለኛል። ተቆጣጣሪው መጥቶ የፍሳሹን ፒኤች (አሲድ ወይም አልካሊ መሆኑን የሚያሳይ ቁጥር፤ 7 መካከለኛ ነው) ሲለካ 11 አገኘ። ፋብሪካው በማግስቱ በራሱ ሰው አስለክቶ 7 ገደማ አገኘ። ደብዳቤ ተጻፈ፣ መልስ ተጻፈ። አንዱ "ታጭበረብራላችሁ" አለ፤ ሌላው "ጉቦ ፈልገህ ነው" አለ። ነገሩን የፈታው አንድ ወጣት የፈረቃ ሠራተኛ ነው። የማሽን እጥበት የሚካሄድበትን ሰዓት የሚመዘግብ ደብተር ነበረው። ደብተሩን ከናሙናው ሰዓት ጋር ሲያስተያዩት ሁሉም ነገር ግልጽ ሆነ። ቧንቧዎቹ በኮስቲክ ሶዳ ሲታጠቡ የሚወጣው ውሃ አልካሊ ነው። በኋላ በአሲድ ሲታጠቡ አሲድ ይወጣል። በመሃል ደግሞ ተራ ውሃ። ሁለቱም ወገን የለካው እውነት ነበር፤ ሰዓቱ ነው የተለያየው።

ከዚያ ወዲያ ንግግሩ ተቀየረ። ሁሉም ፍሳሽ ተጠራቅሞ የሚመጣጠንበት ገንዳ ይሠራ ተባለ። አልካሊውና አሲዱ እዚያው ተገናኝተው እርስ በርስ ይለዝባሉ። ለማስተካከያ የሚገዛው ኬሚካልም ይቀንሳል። ቀን ተቆረጠለት፣ በጽሑፍ ሆነ፣ ካልተሠራ ምን እንደሚከተልም ተጻፈ። እኔ ትብብር የምለው ይህን ነው። ቁጥር ያለው፣ ቀን ያለው፣ ፊርማ ያለው።

ያለ ቁጥርና ያለ ቀን የሚደረገው መግባባት መሞዳሞድ ነው። እንዴት እንደሚጀምር ታውቁታላችሁ። ቢሮው መኪና የለውም፤ ፋብሪካው መኪና ይልካል። መኪና ለመላክ ደግሞ ቀኑን ቀድሞ ማወቅ አለበት። በዚያ ቀን ሁሉም ነገር ንጹሕ ነው። ቀጥሎ ምሳ አለ። ማንም ክፉ ሳይሆን ቁጥጥሩ ይሞታል። እናንተ ባጃጅ ይዛችሁም ቢሆን ባልተጠበቀ ሰዓት ሂዱ። ናሙናውን በሁለት ጠርሙስ ቅዱና አንዱን ለፋብሪካው ተዉለት፤ እሱም ያስመርምረው። ሰው ራሱ ያስለካውን ቁጥር ለመካድ ይቸገራል።

ፋብሪካ ውስጥ ላላችሁት ደግሞ ስለ ብርዱ ልንገራችሁ። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። በ20 ዲግሪ ሙቀት፣ ባሕር ጠለል ላይ አንድ ሊትር ውሃ 9 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። እዚህ 6.5 አካባቢ ነው። ፍሳሹን የሚበሉት ባክቴሪያዎች ይህን ኦክስጅን ይፈልጋሉ። የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ሲመጣ ደግሞ ራሳቸው ይቀዘቅዛሉ፣ ሥራቸውም ይዘገያል። ለቆላ አገር የተሳለ ዲዛይን እዚህ ሲተከል አየር መንፊያው ያንሳል፣ ገንዳውም ይጠባል። አለቃችሁ "ትሪትመንት ፕላንት (የፍሳሽ ማጣሪያ) አለን" ሲል፣ ለየትኛው ከፍታና ሙቀት እንደተሠራ ጠይቁ። በጥሬው ሲመጣ የቢራ ፍሳሽ ቢኦዲው፣ ማለትም ባክቴሪያዎቹ ቆሻሻውን ለመብላት የሚፈልጉት የኦክስጅን መጠን፣ በሊትር ከ1,000 ሚሊግራም በላይ ይሆናል። ማጣሪያው ሲደክም ዋጋውን የሚከፍለው ወንዙ ነው።

ስለ ቆዳ ፋብሪካ ይህን ሳልል አላልፍም። ፀጉር ከሚነቀልበት ክፍል የሚወጣው ሰልፋይድ ያለበት ውሃ ከአሲድ ውሃ ጋር ከተቀላቀለ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይወጣል። መጀመሪያ የገማ እንቁላል ይሸታል። መጠኑ ሲበዛ ግን አፍንጫን ያደነዝዛል፤ ሽታው የጠፋ ይመስላል። ሰው ይገድላል። ጋዙ ሳይለካ፣ መተንፈሻ ሳይኖር፣ ላይ የሚጠብቅ ሰው ሳይቆም ማንም ጉድጓድ አይውረድ። ወድቆ ያያችሁትን ጓደኛ ለማውጣትም ዘላችሁ አትግቡ። ስንቱ እንዲህ ተከታትሎ አልቋል።

ገበሬውንም ስሙት። አዋጁ ለማንም ሰው ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት የማለት መብት ሰጥቶታል። የግል ጉዳት ደረሰብኝ ብሎ ማስረዳት አይጠበቅበትም። በ30 ቀን ውሳኔ ካላገኘ፣ ወይም በውሳኔው ካልረካ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ይህን የሚያውቅ ገበሬ ግን እምብዛም አላገኘሁም። በገበያ ቀን ወይም ለማኅበር በተሰበሰበበት ንገሩት። የፋብሪካው ባለሙያም አብሮ ቢሄድ ደስ ይለኛል። ከብቱ ውሃውን እምቢ ያለበትን ቀን፣ ውሃው ቀለም የቀየረበትን ሰዓት የሚያውቀው ገበሬው ነው። የእሱን ቀንና ሰዓት ከፋብሪካው የፈረቃ ደብተር ጋር አስተያዩት።

አንድ የላብራቶሪ ነገር ቀረኝ። ለቢኦዲ የወሰዳችሁትን ናሙና በበረዶ ሳጥን አድርጉና ሳይውል ሳያድር ጀምሩት። ምርመራው 5 ቀን ነው። ሰኞ ወይም ማክሰኞ ከጀመራችሁ የሚያልቀው ቅዳሜ ወይም እሑድ፣ ላብራቶሪው ተዘግቶ ነው። ናሙና ለመቅዳት ረቡዕ፣ ሐሙስ ወይም ዓርብ ውጡ።