ሪዞ ቀለም አያይም

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አጠገብ ያለ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ለአንደኛ ክፍል ልጆች ባለ 16 ገጽ የፊደል መጽሐፍ በካንቫ ሠርቻለሁ። ሥዕሉ በጥቁርና በቀይ ነው። ፈተና የምናባዛበት ሪዞ የሚባል ማባዣ ማሽን አለን፤ ቀይ ድራምም (ቀለሙን የሚይዘው ሲሊንደር) ተገዝቶ ተቀምጧል። ባለ ቀለሙን ፋይል እንዳለ ሰጠሁት። ዶሮዋ ግራጫ ሆና ወጣች፤ ፊደሉም ነጠብጣብ በነጠብጣብ ሆነ። ማሽኑ ተበላሽቶ ነው ወይስ ጥፋቱ የኔ ነው? የምፈልገው 200 ኮፒ ነው።
መምህርቷ፣ ከየካ አባዶ

መልስ፦ ማሽኑ ደህና ነው፣ እህቴ። አንቺም ብዙ አላጠፋሽም፤ እንደ ኮምፒውተር ፕሪንተር ቆጥረሽው ነው እንጂ። ሪዞ የድሮው ማባዣ የልጅ ልጅ ነው። ያኔ ስቴንስሉ በታይፕ ይበሳና ቀለሙ በቀዳዳው ሾልኮ ወረቀቱ ላይ ያርፋል። አሁን ደግሞ ማስተር የሚባለውን ስስ ወረቀት ማሽኑ ራሱ በሙቀት ይበሳዋል፣ ድራሙ ላይ ይጠቀልለዋል፣ ከዚያ በኋላ ያው ነው። ሪዞን የሚሠራው የጃፓን ኩባንያ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1946 ሲጀምር የስቴንስል ማባዣ ቤት ነበር።

እና ማስተሩ ወይ ይበሳል ወይ አይበሳም፤ ሦስተኛ ነገር የለም። ቀለሙን የሚሰጠው ድራሙ ነው፣ ፋይሉ አይደለም። ማሽኑ ቀይ ዶሮሽን ሲያይ «ግራጫ ናት» ይላል፤ ግራጫን ደግሞ በነጠብጣብ ነው የሚያወጣው። ፊደልሽም ነጠብጣብ የሆነው፣ እንደምገምተው፣ ጥቁር ግራጫ ስለሆነ ነው። ስክሪን ላይ ጥቁር ይመስላል። ካንቫ ላይ የቀለም ኮዱን ስድስት ዜሮ (#000000) አድርጊው፣ ንጹሕ ጥቁር ይሆናል።

ስለዚህ እያንዳንዱን ገጽ ሁለት አድርጊው። ካንቫ ላይ ገጹን ኮፒ አድርጊ። ከአንዱ ቀዩን በሙሉ አጥፊ። ከሌላው ጥቁሩን አጥፊና የቀረውን ቀይ ወደ ጥቁር ቀይሪው። አዎ፣ ለቀይ ድራም የሚሄደው ፋይልም ጥቁር ነው! እዚህ ላይ ነው ሁሉም ሰው ግር የሚለው። ስማቸውን «ገጽ 3 ጥቁር»፣ «ገጽ 3 ቀይ» ብለሽ ጻፊ፣ አለዚያ ማሽኑ ጋ ስትደርሺ የትኛው የትኛው እንደሆነ ይጠፋብሻል። ሮዝ ከፈለግሽ ሌላ ድራም አያስፈልግሽም፤ በቀዩ ፋይል ላይ 40 በመቶ ግራጫ ካደረግሽው ቀዩ ሳሳ ብሎ ሮዝ ይመስላል።

ቀለሞቹን ስትለያዪ ምንም ነገር ከቦታው እንዳይነቃነቅ። ባይነቃነቅም ታዲያ ሁለተኛው ቀለም ልክ የመጀመሪያው ላይ ቁጭ አይልም፤ ወረቀቱ ሁለት ጊዜ ስለሚገባ አንድ ሁለት ሚሊ ወዲያና ወዲህ ማለቱ የማይቀር ነው። ለዚህ መላው ቀላል ነው። የዶሮዋን ጥቁር መስመር ወፈር አድርጊው፣ ቀዩን ደግሞ እስከ መስመሩ መሐል ድረስ አስገቢው። ጥቁሩ ይሸፍነዋል። ልክ ጠርዙ ላይ ካቆምሽው በመሐል ነጭ ክፍተት ይታያል።

አሁን ደግሞ የፈረንጅ መመሪያ የማይነግርሽ ነገር። ትንሽ ፊደል ላይ የኃምስ ቀለበት በቀለም ይሞላል። ሌ ቀለበቷ ሲደፈን ሊ ትመስላለች። «ሌሊት» ብለሽ የጻፍሽው «ሊሊት» ሆኖ ይወጣል፣ ያውም ፊደል ገና ለሚለይ ልጅ! ፊደሉን ተለቅ አድርጊው፣ ቀለበቱ ክፍት የሆነ ፎንት ምረጪ፣ ጽሑፉን በአንድ ቀለም ብቻ አድርጊ። በሁለት ድራም የታተመ ትንሽ ጽሑፍ ሰካራም የጻፈው ይመስላል። ስታወርጂም ጄፔግ ሳይሆን ፒዲኤፍ አድርጊ፤ ጄፔግ የፊደሉን ጠርዝ ያደበዝዘዋል።

ሙሉ ገጽ ቀይ ጀርባ አስበሽ ከሆነ ተዪው። ብዙ ቀለም ያለበት ወረቀት ድራሙ ላይ ይጣበቃል፣ ቀጥሎ የሚወጣውንም ያቆሽሻል። የግድ ከሆነ 70 በመቶ ላይ አቁሚው። ሪዞ እስከ ወረቀቱ ጫፍ ድረስም አያትምም፤ ዙሪያውን አንድ ሴንቲ ያህል ባዶ ተዪ።

ወጪውን እናስላው። መጽሐፉ ኤ4 መሐሉ ላይ ታጥፎ ከሆነ 16 ገጽ ማለት 4 ወረቀት፣ 8 ፊት ነው። በሁለት ቀለም 16 ማስተር ያስፈልግሻል። ገጾቹን በተራቸው ካጣመድሽ ግን ሲታጠፍ ይተረማመሳል። 16ን ከ1፣ 2ን ከ15፣ 14ን ከ3 ጋር አድርጊ፤ ጥንዶቹ ሲደመሩ ሁልጊዜ 17 መምጣት አለባቸው። ማስተር ለ200 ኮፒ ሲካፈል ርካሽ ነው። ለ5 ኮፒ ቢሆን ፎቶ ኮፒ ቤት ሂጂ እልሽ ነበር።

አንዱን ቀለም አትመሽ ሌላውን ወዲያው አትከተዪ፤ አሳድሪው። እኔ አንዴ ቱሉ ዲምቱ ላሉ ጎረቤቶቼ 300 የሠርግ ጥሪ ሳትም መብራት ሳይሄድብኝ ልጨርስ ብዬ ተጣደፍኩ። የማሽኑ ጎማ እርጥቡን ቀለም እየጎተተ በየካርዱ ላይ፣ ልክ በሙሽራዋ ስም፣ ሁለት መስመር አሰመረበት። ወረቀቱን ከኪሴ ገዝቼ ደገምኩት።

ጥያቄ፦ ለገጣፎ ነው የምኖረው። በሪዞ ያሳተምኩት ፖስተር ሳምንት ሆኖትም ሲነኩት እጅ ያቆሽሻል። ወረቀቱ ውድ ነው፣ የሚያብረቀርቀው። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ችግሩ ማብረቅረቁ ነው። የሪዞ ቀለም በሙቀት አይደርቅም፣ ወረቀቱ ውስጥ ሰርጎ ነው የሚደርቀው። የሚያብረቀርቅ ወረቀት ደግሞ አያሰርግም። አንድ ወር ብትጠብቅም ያው ነው። ተራ ባለ 80 ግራም ወረቀት፣ ወፈር ያለ ካሻህ የማያብረቀርቅ ካርቶን ተጠቀም። ያኔም ቢሆን በደንብ ከታሸ ትንሽ ይለቃል። ደግሞ በሪዞ የታተመውን ወረቀት ስም ልጨምርበት ብለህ ሌዘር ፕሪንተር ውስጥ እንዳታስገባው፤ ሙቀቱ ቀለሙን አቅልጦ የፕሪንተሩን ሮለር ይለቀልቅብሃል። ስሙን መጀመሪያ በሌዘር አትም፣ ሪዞው ከዚያ ይከተል።