በአጥር የተዘጋበት ከርከሮ

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከጅማ ወጣ ብሎ ካለ ገጠር ነው። እዚህ ከርከሮ በቆሎአችንን ይጨርስብናል። የሰፈራችን ወጣቶች አንዱን በጉድጓድ ወጥመድ ያዙና በአጥር ዘጉበት። እሑድ እሑድ ከሰዓት ውሾቻቸውን ይለቁበታል። «ውሻ እያለማመድን ነው» ይላሉ። ሰውም ቆሞ ያያል። ቁስሉ ሳይደርቅ በሳምንቱ ይደግሙታል። ከልጆቹ አንዱ የክርስትና ልጄ ነው። ብናገረው «እግዚአብሔር ግዙአቸው ብሎ የለ እንዴ?» አለኝ። ባለፈው እሑድ ደግሞ በግርግሩ መሀል አንዱ ውሻ እጁን ነከሰው። ይህ ነገር ኃጢአት ነው ወይስ እኔ አክርሬው ነው? ዝም ልበል?

መልስ፦ እህቴ፣ አላከረርሽውም። ኃጢአት ነው።

የገበሬውን ችግር አቅልዬ አይደለም። ከርከሮ የገባበት ማሳ ጠዋት ምን እንደሚመስል አይቻለሁ። የዓመት ልፋት በአንድ ሌሊት ተገለባብጦ ያድራል። ማማ ሠርቶ ማደር፣ ቆርቆሮ መደብደብ፣ እሳት ማንደድ፣ በውሻ ማባረር፣ ይህ ሁሉ የልጆችን ጉሮሮ መጠበቅ ነው። ማንም በዚህ አይነቅፋችሁም። አጥር ውስጥ ያለው ከርከሮ ግን የማንንም በቆሎ እየበላ አይደለም። የሚያባርሩትም ከማሳ እንዲወጣ አይደለም። የሚሄድበት የለውማ!

እኔን ከሁሉ በላይ የከበደኝ ይሄ ነው። የቆሎ ተማሪ ሆኖ ያደገ ሰው በውሻ መባረር ምን እንደሆነ ያውቃል። አኮፋዳ አንግቤ ስንት ደጅ ላይ ልቤ በአፌ ልትወጣ ደርሳለች። ግን እኔ በትር ነበረኝ፣ የምሮጥበትም መንገድ ነበረኝ። ደግሞ «ያዙልኝ!» ስል የሚወጣ ባለቤት ነበር። ያ ከርከሮ ሦስቱም የሉትም። ባለቤቶቹ ቆመው «በለው» ነው የሚሉት።

እስቲ ዘኍልቁ ምዕራፍ 35ን አንብቢው። እግዚአብሔር ለእስራኤል 6 የመማፀኛ ከተሞች እንዲለዩ አዘዘ። ሳያውቅ ነፍስ ያጠፋ ሰው እንኳ የሚሸሽበት ይኑረው ብሎ ነው። ለእንስሳውስ? ዳዊት በመዝሙር 103 ተራራው ለዋላ፣ ዓለቱ ለሽኮኮ መሸሻ እንደሆነ ይዘምራል። መሸሻውን የሠራው ራሱ ፈጣሪ ነው። ሰው አጥር አጥሮ፣ በር ዘግቶ ውሻ ሲለቅ እግዚአብሔር ለፍጥረቱ የሰጠውን መሸሻ እየነጠቀ ነው። ዱር ውስጥ የሚታደን አውሬ እንኳ ጫካው ያግዘዋል።

ወደ ልጁ ጥቅስ እንምጣ። «ግዙአቸው» የሚለው ዘፍጥረት 1፥28 ላይ ነው። ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ግን አላነበበውም። እዚያ ለሰው መብል ሆኖ የተሰጠው ቡቃያና የዛፍ ፍሬ ነው። ሥጋ የተፈቀደው ከጥፋት ውኃ በኋላ በምዕራፍ 9 ነው። ስለዚህ አዳም «ግዛ» ሲባል ገና ማረድ እንኳ አልተፈቀደለትም ነበር። ታዲያ ማሠቃየት በየት በኩል ይገባል? በምሳሌ 12፥10 ደግሞ ጻድቅ ሰው ለእንስሳው ነፍስ እንደሚራራ ተጽፏል። የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ሥዕል ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። 60 አንበሳና 60 ነብር ያለ ሰንሰለት በዙሪያቸው ቆመዋል። ወር በገባ በ5 ለአቦ ሲመጣ ከሥዕሉ ፊት ቁሚና አነጋግሪው።

ይህ ነገር የእናንተ አካባቢ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ቀበሮን በሰፊ አጥር ዘግቶ አዳኝ ውሾችን የማለማመድ ልማድ አለ። የፍሎሪዳ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2010 ከልክላዋለች። በእኛም አገር ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መያዝም ማደንም ሕግ ይከለክላል። ከሚያዩት መሀል ሙስሊም ጎረቤቶች ካሉ እነሱም ይረዱሻል። ነፍስ ያለውን ፍጥረት ዒላማ ማድረግ በሃይማኖታቸውም የተከለከለ ነው።

ዝም አትበዪ። ግን በጉባኤ መሀል አታዋርጂው። ማቴዎስ 18፥15 እንደሚለው መጀመሪያ ብቻውን ያዢው። የክርስትና እናቱ ነሽ፣ ይሰማሻል። ለንስሐ አባቱ ይንገር፤ ቀኖናውን የሚሰጡት እሳቸው ናቸው። ከርከሮውን ለመልቀቅ ብቻችሁን አትግቡ፣ የቆሰለ ከርከሮ ሰው ይጥላል። የወረዳውን ግብርና ባለሙያ ጥሩ። ውሾቹንም ማታ ማታ ከጠባቂ ጋር ማሳ ዳር ያሳድሯቸው። ጮኸው ማባረር እዚያው ይለምዳሉ። የተዘጋበትን መንከስ የለመደ ውሻ ግን ነገ ጥጃውንም አይምርም።

አንድ ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ይቀድማል፤ የልጁ እጅ። የውሻ ንክሻ እንደ ጭረት አይታይም። እንደተነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ ነበረበት። ካላደረገው አሁንም ይጠበው። ሳምንት ሆነው ብላችሁ አትተዉት፣ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይሂድና ስለ እብድ ውሻ ክትባት ይጠይቅ። በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ ሕክምና አያድነውም። ጠበሉንም ይጠመቅ፣ ክትባቱም አይቅርበት። ይህን መልስ አንብበሽ ሳትጨርሺ ደውይለት።