ጋዜጠኝነት ለመማር ለምታስቡ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፦

ከ30 ዓመት በላይ በዜና ክፍል ውስጥ፣ መጀመሪያ በዘጋቢነት ኋላም በአርታኢነት ስሠራ፣ ወደ ሙያው ለመግባት ከሚፈልጉ ወጣቶች ደጋግሞ የቀረበልኝ ጥያቄ «ጋዜጠኛ ለመሆን የጋዜጠኝነት ዲግሪ ያስፈልጋል ወይ?» የሚል ነው። እኔ ራሴ የገባሁት ያለ ዲግሪ ነው፤ በአርታኢነት ዘመኔ ግን ከትምህርት ቤት በቀጥታ የመጡ ብዙ ጀማሪዎችን ተቀብዬ ጽሑፋቸውን አርሜአለሁ። ከሁለቱም ወገን ያየሁትን ልጽፍላችሁ እወዳለሁ።

ከሕጉ ልጀምር። ሐኪም ያለ ፈቃድ አያክምም፤ ጋዜጠኝነት ግን በብዙ አገሮች እንዲህ ያለ አጥር የለውም። ለማጠር የሞከሩም ነበሩ። ኮስታ ሪካ የጋዜጠኞች ማኅበር አባል ያልሆነ ሰው በሙያው እንዳይሠራ በሕግ ከልክላ ነበር፤ የአሜሪካ አገሮች የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1985 በሰጠው የምክር አስተያየት ግን እንዲህ ያለው ግዴታ ሐሳብን በነፃነት ከመግለጽ መብት ጋር እንደሚጋጭ አስታወቀ። በብራዚልም እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ በሕግ ይጠየቅ የነበረው ዲግሪ በ2009 በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔ ቀረ። ውሳኔዎቹ ትክክል ናቸው ብዬ አምናለሁ፤ መናገር የሁሉም መብት ነውና።

ነገር ግን ሕግ አያስገድድም ማለትና ትምህርቱ አይጠቅምም ማለት ለየቅል ናቸው። ዲግሪ አያስፈልግም የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የአሜሪካውን ፕሬዚዳንት ኒክሰንን ከሥልጣን ያስለቀቀውን የዎተርጌት ቅሌት ያጋለጡትን ሁለት ዘጋቢዎች ይጠቅሳሉ፤ ቦብ ውድዋርድ ያጠናው ታሪክና ሥነ ጽሑፍ ነው፣ ካርል በርንስታይንም ዩኒቨርሲቲ ጀምሮ አልጨረሰም። እውነት ነው፤ ሆኖም በርንስታይን በ16 ዓመቱ ተላላኪ ሆኖ ጋዜጣ ቤት የገባ ልጅ እንደ ነበር አብሮ መነገር አለበት። ትምህርት ቤቱ ያ ነበር። እኔንም አንድ አረጋዊ አርታኢ ሁለት ዓመት ሙሉ አጠገቡ አስቀምጦ፣ በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ላይ «ይህን ማን ነገረህ? ሌላስ ማን አረጋገጠልህ?» እያለ አስተምሮኛል። ዛሬ የማስታወቂያ ገቢ ወደ ኢንተርኔት ኩባንያዎች በመዞሩ ብዙ የዜና ክፍሎች ሳስተዋል፤ አጠገቡ አስቀምጦ የሚያርም ሰው ማግኘትም እጅግ ከብዷል። ስለዚህ ትምህርት ቤት ከእኔ ዘመን ይልቅ በእናንተ ዘመን ይበልጥ ያስፈልጋል እላለሁ፤ ከትምህርት ቤቱ የምትፈልጉትም ያንን አራሚ ነው።

በአሜሪካ የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1908 ሲከፈት፣ ትምህርት በተጀመረበት በዚያው ዕለት ለከተማው ሕዝብ የሚሰራጭ ጋዜጣ ማሳተም ጀመረ። ከመቶ ዓመት በኋላም ከዚህ የተሻለ መለኪያ አላገኘሁም። የተማሪው ጽሑፍ ለእውነተኛ አንባቢ ይደርሳል ወይስ በመምህሩ ጠረጴዛ ላይ ይቀራል? ስሙ በስሕተት የተጻፈ ሰው ደውሎ ሲቆጣ የሚገኘው ትምህርት በፈተና አይገኝም። ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት በመጨረሻ ዓመት ላይ ያለ ተማሪ ፈልጋችሁ፣ በቅርቡ የጻፈውንና እርማት የተደረገበትን አንድ ዘገባ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። በወረቀቱ ላይ ከውጤቱ በቀር ምንም ካልተጻፈበት፣ ወይም አንዱ መምህር ሰማንያ ተማሪ የሚያርም ከሆነ፣ የትምህርት ቤቱ ስም የቱንም ያህል ቢገን ሌላ ፈልጉ። በአዳዲስ ካሜራና ስቱዲዮ አትማረኩ፤ መሣሪያው እናንተ ሳትመረቁ ሊያረጅ ይችላል። የሚዲያ ሕግ፣ የሙያ ሥነ ምግባርና የቁጥር ትምህርት መኖራቸውንም አረጋግጡ።

በቁጥር ትምህርት ላይ አጥብቄ የምናገረው ስለጎዳኝ ነው። ወጣት ሳለሁ አንድ የከተማ ምክር ቤት በጀቱን በ10 በመቶ እንዳሳደገ በደስታ ዘገብኩ። በማግስቱ አንድ የሒሳብ ባለሙያ አንባቢ፣ የዚያ ዓመት የዋጋ ንረት 15 በመቶ ስለሆነ የገንዘቡ የመግዛት አቅም ከ4 በመቶ በላይ መቀነሱን በደብዳቤ አስረዳን። የጻፍኩት ቁጥር ሐሰት አልነበረም፤ ለአንባቢው የደረሰው ትርጉም ግን ተቃራኒው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከጋዜጠኝነት በተጨማሪ አንድ ሌላ ዕውቀት ያላቸውን ጀማሪዎች አስቀድማለሁ፤ ኢኮኖሚክስም ይሁን ሕግ፣ የሕዝብ ጤናም ይሁን ግብርና። በአሜሪካዊው የጋዜጣ ባለቤት በጆሴፍ ፑሊትዘር ስጦታ እ.ኤ.አ. በ1912 ሥራ የጀመረው፣ በኒው ዮርክ የሚገኘው የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤትም በ1935 የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት ሆኗል። አቅም ለፈቀደለት ሰው፣ አስቀድሞ ሌላ ሙያ አጥንቶ ኋላ ጋዜጠኝነትን መጨመር ከሁሉ የምመርጠው መንገድ ነው።

ክፍያውን በብድር የምትሸፍኑ ግን ቆም ብላችሁ አስቡ፤ የጀማሪ ዘጋቢ ደመወዝ ትንሽ ነው፣ ዕዳው ደግሞ ሙያውን ከመውደዳችሁ በፊት ከሙያው ሊያስወጣችሁ ይችላል። በዚህ ሁኔታ ላላችሁ የምመክረው፣ በአነስተኛ ክፍያ ሌላ ትምህርት እየተማራችሁ በተማሪዎች ጋዜጣ ላይ እንድትጽፉና የጻፋችሁትን ይዛችሁ ወደ አንድ አርታኢ እንድትሄዱ ነው። እንዲያትምላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት እንዲያርምላችሁ ለምኑት። እንዲህ ብሎ የመጣን ወጣት ጽሑፍ ሳላነብ መልሼ አላውቅም፤ እንደ እኔ የሚያደርጉ ሌሎች አርታኢዎችንም አውቃለሁ።